ጭቃ፣ ኖራ፣ ሲሚንቶ፤ ግድግዳን የሚያቆመው ማነው?



በሼፈርድስ ቡሽና በአካባቢው የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለ ሁለት ቤት ነን ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንደኛው በኡክስብሪጅ ሮድ ወይም በጎልድሆክ ሮድ ዙሪያ የምናድርበት፣ ብርድ ሲገባ ግድግዳው የሚረጥብብን ቤት ነው። ሁለተኛው አገር ቤት ያለው ነው። ለአንዳንዱ ተሠርቶ ያለቀ፣ ለአንዳንዱ ከመሠረት ያልወጣ፣ ለብዙው ደግሞ ገና በሐሳብ ያለ።

ስለ እነዚህ ሁለት ቤቶች ስንጫወት የማይነሳ የለም። የኪራዩ ነገር፣ የባንክ ብድሩ፣ የቦታው ዋጋ፣ የፌሮው ዋጋ፣ የግንበኛው ጠባይ ሁሉ ይነሳል። ጡብን ከጡብ፣ ድንጋይን ከድንጋይ ስለሚያያይዘው ነገር ግን የሚያነሳ ብዙም አይገኝም። በሁለት ጡቦች መካከል ያለች፣ የጣት ውፍረት እንኳ የማትሞላ መስመር ምን ታሪክ ይኖራታል ይባል ይሆናል። ታሪክስ አላት። ከየሐ መቅደስ ተነስቶ፣ በጎንደር ግንብና በለንደን የፍሳሽ ቦይ አልፎ፣ የሰው ሕይወት እስከጠፋበት የምሥራቅ ለንደን ፎቅ የሚደርስ ታሪክ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ማያያዣ ጥሩ የሚባለው ከሚያያይዘው ነገር ጋር ሲስማማ፣ በልኩ ሲቦካና ለመጠንከር ጊዜ ሲሰጠው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው እዚህ ያለው ቤቱ በእርጥበት፣ እዚያ ያለው ደግሞ በስንጥቅ ይጎዳበታል። ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አባቶቻችን በምን ያያይዙ ነበር?

በትግራይ የሚገኘው የየሐ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ድንጋዮቹ ተጠርበውና ጠርዛቸው እስኪገጥም ተስተካክለው ስለተደረደሩ በመካከላቸው ጭቃም ኖራም የለም። ግድግዳውን ያቆመው የጠራቢው እጅና የድንጋዩ ክብደት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የአክሱም ግንበኞች ሌላ ዘዴ ያዙ። በጥቂቱ ብቻ የተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እየደረደሩ፣ በየመካከሉ የእንጨት ማሰሪያ እያስገቡ ገነቡ። ጭቃው ድንጋዩን አደላድሎ ያስቀምጠዋል፤ እንጨቱ ደግሞ ግድግዳው እንዳይከፈት ያስረዋል። በላሊበላ ነገሩ ተገለበጠ። አብያተ ክርስቲያናቱ ከአለት የተፈለፈሉ ስለሆኑ የሚያያይዝ ነገር ከነጭራሹ አላስፈለጋቸውም።

ተራው ሕዝብ ግን ለብዙ ዘመን የኖረው በጭቃ ቤት ነው። «የጭቃ ቤት» ሲባል አፍንጫውን የሚነፋ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ጭቃ ማቡካት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አፈሩ ይመረጣል። ውሃ ይጠጣና የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለጥቂት ቀናት እንዲቦካ ይተዋል፣ ከዚያ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ በጭቃው ውስጥ እንደ ክር ሆኖ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ዛሬ በአርማታ ውስጥ ፌሮ የሚገባበት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንጨቱ ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርግ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይከተልም። አዲስ አበባም ስትቆረቆር ያደገችው በዚሁ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከገባ በኋላ ከተማይቱ በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ ተሞላች።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን የጣራውን ጠርዝ ወደ ውጭ ያስረዝሙ፣ ግድግዳውን ከድንጋይ መሠረት ላይ ያስነሱ ነበር። እናቶቻችን ደግሞ ክረምት በወጣ ቁጥር ይለቀልቁታል። ጭቃው የተሰነጠቀበትን ቦታ በዚያው በጭቃ መጠገን ቀላል ነው። ግድግዳ ከተሠራበት ነገር ጋር በሚዛመድ ነገር ይታደሳል። ይህችን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የጎንደር ኖራ

ኖራ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረው ነጭ ድንጋይ ውሃ ሲያገኝ ይንተከተካል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያም ዱቄት ወይም ቅቤ ወደ መሰለ ነገር ይለወጣል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንቡ ውስጥ ሲገባ በእሳት ያጣውን ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ይህ ግን የአንድና የሁለት ቀን ሥራ አይደለም። ወራት ይፈጃል፤ በወፍራም ግንብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል።

በአገራችን ኖራ በትልልቅ ግንቦች ላይ የታየው በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632) ነው። በጊዜው በአገሩ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን እንደጻፉት፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው በ1620ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ያገኘውም ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ በጣና ዙሪያና በደንቀዝ የኖራ ግንብ ተሠራ። በ1626 ገደማ ደግሞ በጢስ ዓባይ አጠገብ፣ ዛሬ ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው የአላታ ድልድይ ተገነባ። የሱስንዮስ ልጅ አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ፤ ግንባቸውንም አሠሩ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት በየተራ እየጨመሩበት ፋሲል ግቢ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። በ1979ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

ጎንደር ሄዶ ስለ ግንቡ የጠየቀ ሰው ኖራው በእንቁላል የተለወሰ ነው የሚል ወግ ሳይሰማ አይመለስም። ወጉ ያምራል። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ጨርሶ ያልታየም አይደለም፤ ቻይናውያን በሚንግ ነገሥታት ዘመን የከተማ ቅጥር ሲገነቡ በኖራው ውስጥ የሩዝ ሙቅ ይጨምሩ ነበር። ነገር ግን እንቁላል ተጨመረም አልተጨመረም ግንቡን ያቆመው በደንብ የተቃጠለ፣ በደንብ የረጠበና ጊዜ የተሰጠው ኖራ ነው።

ለዚህም ሰባራ ድልድይ ምስክር ነው። በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ይህ ድልድይ ስሙን ያገኘው ኖራው ከድቶት አይደለም። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት አንዱን ክፍል በእጃቸው ስላፈረሱት ነው። ሕዝቡ ለስድሳ ዓመት ያህል በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖሮ ድልድዩ የተጠገነው በ2002 ነበር። ወራጅ ውሃ በመቶ ዓመታት ያላፈረሰውን ሰው ለአገሩ ሲል አፈረሰው።

ሲሚንቶ የተወለደበት አገር

ተራው ኖራ አንድ ድካም አለበት። የሚጠነክረው በአየር ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይረጋም። ሮማውያን ይህን የተወጡት ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ከኖራ ጋር በመቀላቀል ነው። በሮም የሚገኘው የፓንቴዎን ጉልላት ስፋቱ 43 ሜትር ሲሆን፣ አንድም ፌሮ ሳይኖርበት 1,900 ዓመት ገደማ ቆሟል።

የእንግሊዝ መሐንዲስ ጆን ስሚተን በ1756 ከፕሊመዝ ከተማ ወዲያ በባሕር መካከል፣ ኤዲስተን በሚባለው አለት ላይ የመርከብ መብራት እንዲሠራ ታዘዘ። ማዕበል የሚመታው ግንብ በተራ ኖራ እንደማይቆም ያውቅ ነበርና የተለያዩ የኖራ ድንጋዮችን እያቃጠለ ፈተነ። በመጨረሻም በውስጡ ሸክላ አፈር ያለበት የኖራ ድንጋይ ውሃ ውስጥም እንደሚጠነክር ደረሰበት። መብራቱም በ1759 ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ግንበኛ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አብሮ አቃጥሎና ፈጭቶ የሠራውን ዱቄት በስሙ አስመዘገበ። ሲጠነክር መልኩ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የተሠራበትን የፖርትላንድ ድንጋይ ይመስላል በማለት «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» አለው። በ1840ዎቹ ልጁ ዊልያም አስፕዲንና ተፎካካሪው አይዛክ ጆንሰን ሥራውን በቴምዝ ወንዝ ዳር አሻሻሉት። ድንጋዩ ለመቅለጥ እስኪቃረብ ድረስ ካልተቃጠለ ጥሩ ሲሚንቶ እንደማይወጣውም ያኔ ታወቀ። የዛሬ ፋብሪካዎች እስከ 1,450 ዲግሪ ያቃጥሉታል። እንግዲህ ዛሬ በአዲስ አበባ በጀርባ የሚወርደው ከረጢት ላይ «ፖርትላንድ» የሚል ቃል የሚነበበው በአንድ የእንግሊዝ ደሴት ድንጋይ ምክንያት ነው።

አዲሱ ሲሚንቶ ወዲያው አልታመነም። በ1858 የቴምዝ ወንዝ ሽታ ለንደንን አላስቀምጥ ሲላት መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ከተማዋን በፍሳሽ ቦይ እንዲያያይዝ ኃላፊነት ተሰጠው። ከ1859 ጀምሮ በሥራው ላይ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ሲጠቀም አንድ ደንብ አወጣ። የሚመጣው ሲሚንቶ ሁሉ ናሙና እየተወሰደለት፣ በመሣሪያ እየተጎተተ ጥንካሬው ሳይፈተን ከሥራ ላይ አይውልም። ከመሬት በታች ያለው የባዛልጌት ቦይ ዛሬም ለንደንን ያገለግላል። ሲሚንቶን ያስከበረው መሞከሩና መለካቱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የሼፈርድስ ቡሽ ግድግዳዎች

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። የሐመርስሚዝና ሲቲ የባቡር መስመር በ1864፣ የሴንትራል ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ በ1900 ሼፈርድስ ቡሽ ሲደርሱ ከዚያ በፊት የአትክልት ቦታና የጡብ መሥሪያ የነበረው መሬት በቤት ተሞላ። ዛሬ በየጎዳናው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የምናያቸው የጡብ ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ ዘመን የመጡ ናቸው። ለለንደን ጡብ በሸክላው ውስጥ ከየቤቱ የተሰበሰበ የከሰል አመድ ይጨመርበት ነበር። በኖቲንግ ዴል፣ ዎልመር ሮድ ላይ ያን ዘመን የሚያስታውስ አንድ የሸክላ ማቃጠያ ምድጃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

እነዚህ ቤቶች የተገነቡት በኖራ ነው። ጡቡ ለስላሳ፣ ኖራውም ከጡቡ ይበልጥ ለስላሳ ነው። ለንደን በብዛት የተቀመጠችበት ሸክላ አፈር በበጋ ይኮማተራል፣ በዝናብ ያብጣል። ቤቱም አብሮ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ኖራውም ትንሽ ይለጠጥለታል። ግድግዳው ዝናብ ሲጠጣ ውሃው በመጋጠሚያው ኖራ በኩል ተመልሶ ይተናል። በሌላ አነጋገር ቤቱ የሚተነፍሰው በዚያች ቀጭን መስመር ነው።

በ1908 በዚሁ ሠፈር የፈረንሳይና የእንግሊዝ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከብረትና ከአርማታ የተሠሩት አዳራሾች ፊታቸው በነጭ ልስን ስለተሸፈነ ቦታው «ኋይት ሲቲ»፣ ማለትም ነጭ ከተማ ተባለ። ስምንት ሚሊዮን ያህል ሰው ጎበኘው። የዚያው ዓመት ኦሊምፒክም በአጠገቡ በተሠራው ስታዲየም ተካሄደ። ነጩ ልስን ግን ለታይታ የተሠራ ነበርና ብዙ ዓመት አልቆየም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከቦታው በከፊሉ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የኖሩበት የኋይት ሲቲ መኖሪያ ተሠራ፤ በ2008 ደግሞ በሌላው ክፍል ላይ ዌስትፊልድ ተከፈተ። ስሙ ሲቀር ልስኑ ጠፋ።

አሁን ወደ እርጥበቱ እንምጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ኖራ ተረስቶ ሲሚንቶ በየሱቁ ሲገኝ፣ የነዚህን አሮጌ ቤቶች መጋጠሚያ በሲሚንቶ መሙላት ልማድ ሆነ። ግንበኛው «ሲሚንቶ ይጠነክራል» ይላል፤ ባለቤቱም ይስማማል። ውሃው ግን በመጋጠሚያው መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ውርጭ ሲመጣ በጡቡ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል። በየመንገዱ ሲሚንቶው እንደ አጥር ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቶ የምናየው ለዚህ ነው። ውሃው ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የግድግዳው ቀለም ይላጣል፤ ሻጋታም ይወጣል፤ ልጆችም ያስላቸዋል። ማያያዣው ከጡቡ ሲጠነክር የሚሸነፈው ጡቡ ነው። ጡብ ደግሞ እንደ ማያያዣ በቀላሉ አይታደስም።

ስለዚህ ከ1919 በፊት በተሠራ ቤት የምንኖር ከሆነ ይህን እንወቅ። የቆየው ማያያዣ በቁልፍ ጫፍ ሲነካ የሚፈረፈርና ነጫጭ እንክብሎች የሚታዩበት ከሆነ ኖራ ነው። የሚታደሰውም በኖራ ነው። በዚህ አገር በከረጢት የሚሸጥ፣ በእርጥበትም የሚጠነክር ኖራ አለ፤ አንድ እጅ ኖራ ከሁለት እጅ ተኩል እስከ ሦስት እጅ አሸዋ ጋር ይቦካል። የተበላሸው መጋጠሚያ ቢያንስ የስፋቱን እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ይጠረጋል፤ በውሃ ይረጥባል፤ ከዚያ ይሞላል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜ አይሠራም። ኖራም ሲሚንቶም ቆዳና ዓይን ያቃጥላሉና ጓንትና መነጽር የግድ ነው። የተከራየን ከሆነ ደግሞ ግድግዳው የባለቤቱ ነውና ነገሩን በጽሑፍ እናሳውቀው።

ጎንደር ላይ የተደገመው

ይህ ጥፋት የለንደን ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ ኢጣልያኖች ጎንደርን ይዘው በነበረበት ጊዜ የፋሲል ግቢን ግንቦች ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት የገባበት አርማታ ተጠቀሙ። በጊዜው ዘመናዊ ሥራ ነበር። ነገር ግን ጠንካራውና ውሃ የማያስተነፍሰው ሲሚንቶ ከ300 ዓመቱ ኖራ ጋር አልተስማማም። በኋላ ዘመን የተካሄደው ጥገና ወደ ጥንቱ ኖራ እንዲመለስ የተደረገው ለዚህ ነው። የጎንደር ግንብና የሼፈርድስ ቡሽ ቤት አንድ ዓይነት በሽታ ታመው አንድ ዓይነት መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ኢጣልያኖች ሲሚንቶን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ትተውልን ሄደዋል። አርማታ፣ ሶሌታ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ባሬላ የምንላቸው ሁሉ የእነሱ ቃላት ናቸው። አርማታ የመጣው «ቼሜንቶ አርማቶ» ከሚለው ሲሆን፣ «የታጠቀ ሲሚንቶ» እንደ ማለት ነው። ትጥቁም ፌሮው ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው በወረራው ዘመን በድሬዳዋ ተቋቋመ። የአዲስ አበባው በ1964፣ የሙገሩ በ1984 ሥራ ጀመሩ። ከ2000 ወዲህ መሰቦ፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ በ2024 ደግሞ ለሚ ተጨመሩ። የጭቃ አገር የነበረው የሲሚንቶ አገር ሆነ። የሚያሳዝነው ሲሚንቶው ሲገባ ጭቃ በማቡካት የተገኘው ትዕግሥት አብሮ አለመሸጋገሩ ነው።

ጋዜጣ የተጎሰጎሰበት ፎቅ

ሲሚንቶ በትክክል ካልገባ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በምሥራቅ ለንደን፣ በኒውሃም፣ ሮናን ፖይንት የሚባል ባለ 22 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ በ1968 ተሠርቶ ሰው ገባበት። የተሠራው በፋብሪካ ተዘጋጅተው የመጡ የአርማታ ግድግዳዎችን እንደ ካርታ በማጋጠም ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ 16 ጠዋት በ18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው ትልቅ አልነበረም። ነገር ግን አንዱ ግድግዳ ሲገፋ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተናደ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ 17 ቆሰሉ።

ዋናው ጥፋት የአሠራሩ ዘዴ ነበር፤ ግድግዳዎቹ እርስ በርስ በበቂ አልታሰሩም። ከዚህም የተነሳ የአገሪቱ የግንባታ ሕግ ተለወጠ። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሕንፃው በ1986 እንዲፈርስ ሲወሰን ፎቅ በፎቅ እየተፈታ ተመረመረ። ማያያዣ በደንብ ተጠቅጥቆ ሊሞላባቸው በሚገባ መጋጠሚያዎች ውስጥ ክፍተትና የተጎሰጎሰ ጋዜጣ ተገኘ። ከውጭ ሲታይ የተሞላ ይመስል ነበር። 18 ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም።

አገር ቤት ለሚያሠራ ሰው

እዚህ ላይ የምንደርሰው ወደ ሁለተኛው ቤታችን ነው። በዚህ ከተማ በሌሊት ፈረቃ፣ በጽዳትና በታክሲ የተገኘ ገንዘብ አገር ቤት ሄዶ አርማታ ይሆናል። በስልክ የሚላክልን ፎቶግራፍ የሚያሳየን ልስኑንና ቀለሙን ነው። የሲሚንቶው መጠን፣ የውሃው ብዛት፣ የአሸዋው ንጽሕና በፎቶግራፍ አይታይም። ስለዚህ ጥያቄው ልስኑ ከመምጣቱ በፊት መጠየቅ አለበት። እኛም ይህን እንድትጠይቁ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ውሃው። በአርማታ ሥራ ከሁሉ የከፋው ጠላት ከመጠን ያለፈ ውሃ ነው። በ1918 አሜሪካዊው ዳፍ አብራምስ እንዳሳየው፣ የአርማታ ጥንካሬ በአብዛኛው የሚወሰነው ውሃው ከሲሚንቶው ጋር ባለው ሚዛን ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ለአንድ ጥሩ አርማታ 25 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሠራተኛው እንዲቀልለት አንድ ባልዲ ውሃ ሲጨምርበት አርማታው እንደ ሾርባ ይፈስሳል። ትርፉ ውሃ ሲተን ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ጥንካሬውም በብዙ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ልኩ። ለኮለንና ለሶሌታ የተለመደው አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። «እጅ» ማለት ግን አካፋ አይደለም፤ የአንዱ አካፋ ከሌላው ይለያያል። 50 ኪሎው ከረጢት 35 ሊትር ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ 40 በ35 በ25 ሴንቲሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ይሠራና አሸዋውም ጠጠሩም በእሱ ይለካል። ትልቅ ሕንፃ ከሆነ ግን ልኩን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አሸዋው። ጥቂት አሸዋ በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጥ። ከላይ የሚረጋው ደለል ከመቶ 6 እጅ ገደማ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት። ደለል ሲሚንቶው አሸዋውን እንዳይዝ ይከለክለዋል።

አራተኛ፣ ከረጢቱ። በአገራችን በብዛት የሚሸጠው ፒ ፒ ሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ተፈጭቶ የገባበት ነው። የሮማውያንን አመድ ያስታውሰናል። ለግንብና ለልስን መልካም ነው፤ ነገር ግን በዝግታ ይጠነክራል። ኦ ፒ ሲ የሚባለው ፈጥኖ ይጠነክራል። የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደገባ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሲሚንቶ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በጣውላ ላይ ይቀመጣል፤ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ኃይሉ ይደክማል።

አምስተኛ፣ ጊዜው። የተቦካ አርማታ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከቦታው መግባት አለበት። ከምሳ በኋላ ደርቆ ሲገኝ ውሃ ጨምሮ እንደገና ማቡካት ሌብነት ባይሆንም ከሌብነት አይተናነስም። ከገባ በኋላ ደግሞ በጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ፒ ፒ ሲ ከሆነ እስከ 14 ቀን ውሃ ይጠጣል። አርማታ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ፀሐይ ካደረቀው ሥራው ይቋረጣል። የጥንካሬው መለኪያ ቀን 28ኛው ቀን ነው። ስለዚህም ሲሞላ ናሙና በሣጥን እየተወሰደ በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ ይጫን ዘንድ መጠየቅ ይገባል። የፈተናው ወጪ ከጠቅላላው የቤቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ባዛልጌት ከ160 ዓመት በፊት ለፍሳሽ ቦይ ያደረገውን እኛ ለልጆቻችን ቤት ብናደርገው አይበዛም።

በቅርብ ዓመታት ሲሚንቶ እየጠፋ፣ ዋጋውም እየናረ ብዙ ሰው ተቸግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሲሚንቶውን ቀንሶ አሸዋውን የመጨመር፣ ድጋፉን ቶሎ ነቅሎ የመቀጠል ፈተና ይበረታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተናደ ሶሌታ ግን የሚለቀም አይደለም። ገንዘቡ ካልበቃ ሁለት ክፍል በደንብ ሠርቶ ሦስተኛውን ለከርሞ ማቆየት ይሻላል።

የየሐ ጠራቢ ድንጋዩን እስኪገጥም ይጠርበው ነበር። ጭቃ የሚያቦካው አባወራ ምርጉ እስኪደርቅ ይጠብቃል። የጎንደር ግንበኛ ኖራው እስኪበስል ታግሷል። ሲሚንቶም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። እዚህ ያለው አሮጌ ጡብ ለስላሳ ማያያዣ ይሻል፤ እዚያ ያለው አዲስ ኮለን ደግሞ ልኩን የጠበቀ አርማታና ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ቤት የሚያሠራ ወዳጅ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ አቀብሉት፤ በሚቀጥለው ስልክ ስትደውሉም ከፌሮው ዋጋ በፊት አርማታው ስንት ቀን ውሃ እንደጠጣ ጠይቁ።

ቤታችሁን ያጽናላችሁ። ቸር ይግጠመን።